ግድግዳው ስስ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ደሴ ቤታችን ቁጭ ብለን፣ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ መቼም ሰው ከቤት አያስወጣም፣ ለእናቴና ለአጎቴ በላፕቶፕ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ፊልም ከፈትኩላቸው። ሎክ ስቶክ ኤንድ ቱ ስሞኪንግ ባረልስ ይባላል፣ እንደ ፈረንጆቹ የ1998 ፊልም ነው። እኔ ስንቴ እንዳየሁት አላስታውስም ግን ለሰው እየተረጎምኩ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፣ ስድቡን እየዘለልኩ ማለት ነው፣ ስድቡ ደሞ ብዙ ነው።

አራት ጓደኛሞች እያንዳንዳቸው 25 ሺህ ፓውንድ ያዋጡና 100 ሺውን ካርታ ለሚችለው ለኤዲ ይሰጡታል። እናቴ ገና እዚህ ጋ «እቁባቸውን ለቁማር?» ብላ አፏን ያዘች። ልጁ እውነትም ጎበዝ ነው ግን ጨዋታው የተበላ እቁብ ነው፣ ሃሪ የሚባለው ጉልቤ ካሜራ አስደብቆ የኤዲን ካርታ ያስነብባል፣ እና ኤዲ የጓደኞቹን ብር ጨርሶ በላዩ ላይ ግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ እዳ ተሸክሞ ይወጣል። ቀጠሮው አንድ ሳምንት። ካልከፈሉ ጣት ይቆረጣል፣ ሃሪ ደሞ በልቡ ያሰበው የኤዲን አባት መጠጥ ቤት ነው። አጎቴ ሽማግሌ ይላክ አለ። እናቴ «ለዚህ'ኮ ነው አበጋር ያለው፣ እነሱ አገር አበጋር የለም?» አለችኝ፣ አበጋር እኛ ወሎ ጠብ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፣ ምን ብዬ ልመልስላት።

እኔ የምወደው ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ነው። ልጆቹ ባንክ አይሰብሩም፣ ካዝና አይከፍቱም። ጎረቤቶቻቸው ሌቦች ናቸው፣ ግድግዳው ስስ ነው፣ ጎረቤት ሀሺሽ የሚያበቅሉ ልጆችን ሊዘርፍ ሲማከር ቁጭ ብለው ይሰማሉ፣ በቃ ዘርፈው ሲመለሱ እኛ እንቀማቸዋለን ነው እቅዱ። ሸዋበር በኮምፔንሳቶ በተከፈለ ቤት ተከራይቼ ሁለት አመት ኖሬያለሁ፣ የጎረቤቴን ብድር፣ የሚስቱን ሳል፣ ልጁ ሂሳብ ስንት እንዳመጣ ሁሉ አውቅ ነበር፣ እነሱም የኔን። ስለዚህ ያቺ ግድግዳ ለኔ የፊልም ዘዴ አይደለችም። ፊልሙ የተሰራው ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ብር ነው፣ ለኛ ሰማይ ነው ለሲኒማ ግን ትንሽ ነው፣ ዳይሬክተሩ ጋይ ሪቺም ከዛ በፊት ረጅም ፊልም ሰርቶ አያውቅም። ብር ቢኖረው ኖሮ የሚፈነዳ ነገር ያመጣ ነበር ብዬ አስባለሁ፣ ስለሌለው ግን ግድግዳ አመጣ፣ ወሬ አመጣ፣ ሰው አመጣ።

ሰዎቹም ከሰፈር የመጡ ናቸው። ጄሰን ስታተም ከዚህ በፊት በፊልም አልታየም፣ መንገድ ላይ ሽቶና ጌጣጌጥ ይሸጥ ነበር፣ ፊልሙም ሲጀምር እሱ መንገድ ላይ እየለፈለፈ ሲሸጥና ፖሊስ ሲመጣ ሲሮጥ ነው የምናየው። ሰኞ ገበያ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራቸውን ጠቅልለው የሚሮጡትን ልጆች ያየ ሰው ያ ልጅ እንደማይተውን ያውቃል። ቪኒ ጆንስ ደሞ ኳስ ተጫዋች ነው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1988 ከዊምብልደን ጋር ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫ የወሰዱት፣ አጎቴ ገና ፊቱን ሲያይ «ይሄን ሰውዬ አውቀዋለሁ!» ብሎ ተነሳ። እዳ አስከፋይ ሆኖ ነው የሚሰራው፣ ትንሽ ልጁን ይዞ ይዞራል፣ ልጁ ፊት ማንም እንዲሳደብ አይፈቅድም። እናቴ ከሁሉም እሱን ወደደችው። መሀል ላይ ሰው ይበዛል እሱ እውነት ነው፣ ማን የማን ሌባ እንደሆነ ሁለቴ አቁሜ አስረድቻለሁ፣ ሴት ደሞ የለበትም ማለት ይቻላል። «እነዚህ ልጆች እናት የላቸውም?» አለች፣ ይሄ ጥያቄ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም።

መጨረሻው ላይ አንዱ ልጅ ለዝርፊያው የገዟቸውን አሮጌ ጠመንጃዎች ወንዝ ሊጥል ድልድይ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ጓደኞቹ ጠመንጃዎቹ ውድ ቅርስ መሆናቸውን ገና አሁን አይተው ይደውሉለታል፣ ስልኩን በአፉ ነክሶ ይዞታል፣ እዛው ላይ ያልቃል። አንድ ሰው፣ አንድ ድልድይ፣ አንድ ስልክ፣ ሌላ ምንም። አጎቴ ጣለው አልጣለው እያለ ሲጨቃጨቀኝ እናቴ ጋቢዋን እየተከናነበች «ተወው እሱን፣ አባትየው መጠጥ ቤቱ ተረፈለት ወይ?» አለች። ተርፎለታል አልኳት። አልሀምዱሊላህ ብላ ገብታ ተኛች።