«አሁን ሄደ?»

ያን ቀን ጠዋት እየጸለይኩ ነበር። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። የአምስት ዓመቷ ልጄ አንድ ጫማ በእጇ ይዛ ቆማለች፤ ሌላኛውን በማይሆነው እግሯ አጥልቃዋለች።

«አባዬ፣ ጫማው እምቢ አለኝ።»

«ቆዪ! እየጸለይኩ አይደል እንዴ?» አልኳት። ድምፄ የሚጸልይ ሰው ድምፅ አልነበረም። እሷ በሩ ሥር ቁጭ ብላ ጠበቀችኝ። አሜን ስል ቀና ብላ አየችኝና «አሁን ሄደ?» አለች።

«ማን?»

«እግዚአብሔር።»

ሳቅኩ። ሥራ ቦታ ስደርስ ግን ሳቁ ለቆኝ ነበር። ልጅቷ ልክ ናት እኮ። ጠዋት ግማሽ ሰዓት ከእሱ ጋር እሆናለሁ፤ አሜን ብዬ ስነሳ እዚያው ክፍል ትቼው እወጣለሁ። የቀረው ቀን የራሴ ነው።

መጀመሪያ ወንድም ሎረንስን ልምሰል አልኩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ የገዳም ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረ ወንድም ነው፤ በድስትና በሳህን ጫጫታ መሃልም ከእግዚአብሔር ጋር ይነጋገር ነበር። እኔ በየሰዓቱ የሚጮህ አላርም ሞላሁ። በሦስተኛው ቀን ስብሰባ መሃል ጮኸብኝ። አጠፋሁት፤ መልሼም አልሞላሁት።

ከዚያ ደብተር ያዝኩ። ማታ ከመተኛቴ በፊት አንዲት መስመር ብቻ፦ ዛሬ የት አገኘሁት? ነገሩ አዲስ አይደለም። የካቶሊክ ቄስ የነበረው የሎዮላው ኢግናጥዮስ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተከታዮቹን ያለፈውን ቀናቸውን በእግዚአብሔር ፊት እንዲመረምሩ ያስተምር ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሳነብ አሁንም አፍራለሁ። «አውቶቡስ ላይ የመጨረሻዋን ወንበር አገኘሁ፤ ጌታ ነው።» «ስብሰባው ተሰረዘ፤ ጌታ ነው።» ወንበሯን ያጡት ሰዎችስ? በደብተሬ ላይ ያለው አምላክ የኔን ፕሮግራም የሚያመቻች ጸሐፊ ነበር የሚመስለው። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት። ምን ተሳካልኝ ማለቱን ትቼ፣ ልቤ የነቃው መቼ ነው ማለት ጀመርኩ። የኤማሁስ መንገደኞችም ልባቸው መንገድ ላይ ይቃጠል እንደነበር ያስተዋሉት አብሯቸው ሲሄድ የነበረው ኢየሱስ ከዓይናቸው ከተሰወረ በኋላ ነው። እኔም እንደዚያው፣ የገባኝ ሁሌ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ሦስት ወር ገደማ ሲሞላኝ ደብተሩን ከመጀመሪያው አንስቼ አነበብኩት። ያልጠበቅኩት ነገር ወጣ። በጸሎት ሰዓት የሆነው ጥቂት ነው። አብዛኛው ሥራ ሲቋረጥብኝ የሆነ ነው። ሪፖርት እየጻፍኩ የደወለች አክስቴ። «አንድ ደቂቃ» ብሎኝ ሃያ ደቂቃ ስለ ፍቺው ያወራኝ የሥራ ባልደረባ። ውይ በቃ እያልኩ የተነሳሁላቸው ሰዎች ናቸው። ማታ ግን የምጽፈው ስለ እነሱ ነው።

ያን ሰሞን ዘጸአት 3ን አነበብኩ። ሙሴ ሥራ ላይ ነው፤ የአማቱን በጎች ይጠብቃል። ቁጥቋጦው እየነደደ አይቃጠልም። እግዚአብሔር የጠራው ግን ሊያይ ዘወር ማለቱን ካየ በኋላ ነው፤ እንዲህ ይላል ቁጥር 4። በጎቼ ይበተኑብኛል ብሎ ቢያልፍስ ኖሮ? እኔ ብሆን የማልፍ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይሄን የምጽፈው ሁሉም ቀን መስመር አለው ለማለት አይደለም። እናቴ የታመመች ጊዜ አሥራ አንድ ገጽ ባዶ ነው። የሚያምር ነገር ፈጥሬ ልሞላው እጄ ላይ ነበር፤ ተውኩት። መዝሙር 88ም እኮ የሚያበቃው ጨለማ ላይ ነው፤ ማጽናኛ አልተቀጠለበትም። እነዚያን ገጾች እስካሁን ምን እንደምላቸው አላውቅም።

ስቋረጥ አሁንም እነጫነጫለሁ። አንዳንዴ በሩን እቆልፋለሁ፤ ሰው ያለ ጸጥታ አይኖርም። ትናንት ግን ጸሎት መሃል ተንኳኳ። «ቆዪ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ተነስቼ ከፈትኩላት። ጫማው አሁንም ተገላብጧል። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አወለቅኩላት።

«ሄደ እንዴ?» አለችኝ።

«አልሄደም። ግራ እግርሽን ስጪኝ።»