«ሰውየው መቼ ነው የሚመጣው?»

በሜሪላንድ ግዛት በሚገኝ አንድ አነስተኛ የትርጉም ድርጅት ውስጥ በአማርኛ ተርጓሚነት ስሠራ፣ አብዛኛው ሥራዬ የሆስፒታል ቅጽ፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያና የቤት ኪራይ ውል ነበር። ጎረቤታችን ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣው ሕግ ምክንያት የመንግሥት ሰነዶች ከሚተረጎሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ በመሆኑ፣ በአካባቢው ለአማርኛ ተርጓሚ እንጀራ አይጠፋም፤ ግጥም ግን አይመጣም። ስለዚህ በ2019 የጸደይ ወራት (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) አንድ የባህል ማዕከል ስለ ባለቅኔዋ ኤሚሊ ዲከንሰን የተሠራ አስቂኝ ፊልም ሊያሳይ መሆኑን ገልጾ፣ ለአማርኛ ተናጋሪ ተመልካቾች የሚታደል ባለ አራት ገጽ ወረቀት እንድናዘጋጅለት ሲጠይቅ፣ ሥራውን ማንም ሳይሰጠኝ ተሻምቼ ወሰድኩት።

ጽሑፉ የመጣው በኤክሴል ሰንጠረዥ ነበር፤ በግራ በኩል እንግሊዝኛው፣ በቀኝ በኩል እኔ የምሞላው ባዶ ዓምድ። አጭር የሕይወት ታሪክ፣ ሦስት ግጥሞችና ከደብዳቤዎቿ የተቀነጨቡ መስመሮች ነበሩበት፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ግን የደብዳቤዎቹ ቀንና ሰላምታ ተቆርጦ ወጥቷል። እኔም ይህ አላሳሰበኝም፤ ዲከንሰንን ዩኒቨርሲቲ ተምሬአታለሁና። በ1830 አምኸርስት በምትባል የማሳቹሴትስ ከተማ ተወልዳ በ1886 እዚያው መሞቷን፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከቤት ሳትወጣ ዓመታት ማሳለፏን፣ ወደ 1,800 የሚጠጉ ግጥሞች ጽፋ በሕይወት እያለች የታተሙላት ግን ዐሥር ያህል ብቻ መሆናቸውን አውቅ ነበር። በስውር የወደደችው ሰው እንደነበረም ተምሬአለሁ። ሰውየው ቄስ ነው፣ የለም ዳኛ ነው እየተባለ ክርክሩ ብዙ ነበር፤ ወንድ ስለመሆኑ ግን በክፍላችን የተከራከረ አልነበረም።

ከደብዳቤዎቹ የመጀመሪያው ቅንጫቢ በመጪው ቅዳሜ በእርግጥ ወደ ቤት ትመለስ እንደሆነ፣ እንደ ቀድሞው የእርሷ ሆና እንደ ቀድሞው ትስማት እንደሆነ ተወዳጇን የምትጠይቅበት ነበር። እዚህ ላይ አሁን ዐውቄ «ተወዳጇን» እላለሁ እንጂ፣ ያን ጊዜ ያየሁት የእንግሊዝኛው ተውላጠ ስም ወንድም ሴትም ሊሆን የሚችል ነበር። አማርኛ ግን ይህን ሳይወስኑ አንዲት እርምጃ አያስኬድም፤ ወይ «ትመጣለህ» ነው፣ ወይ «ትመጫለሽ»። በመካከል ያለችው መሸሸጊያ «እርስዎ» ናት፤ እርስዎ የሚባል ሰው ደግሞ ቅዳሜ መጥቶ እንዲስም አይለመንም። እኔም እጄ ሳይንቀጠቀጥ «ትመጣለህ? ትስመኛለህ?» ብዬ ጻፍኩ።

ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ስደርስ አንድ ስም ሳይቆረጥ ተርፎ አገኘሁ፤ «ሱ» ይላል። ሱ የሴት ስም ነው። ለአፍታ ቆምኩ፤ ከዚያም ይህኛው ሌላ ደብዳቤ፣ ለሴት ጓደኛ የተጻፈ መሆን አለበት ብዬ «አንቺ» አልኩ። በዚህም አላበቃሁም፤ አንባቢው እንዳይደናገር በማለት በእንግሊዝኛው የሌለ ቃል ጨምሬ፣ ከቅንጫቢው በላይ «ለጓደኛዋ» ብዬ ጻፍኩበት። ገምጋሚያችን በዕድሜ ታላቄ ስለሆኑ ጋሼ የምላቸው ሰው ናቸው፤ ሁለት የፊደል ግድፈት አርመው፣ አማርኛው ማለፊያ ነው ብለው አሳለፉት። እውነትም አማርኛው ማለፊያ ነበር። 120 ቅጂ ታተመ።

በማሳያው ቀን ከመጡት ሰዎች መካከል ሠላሳ ያህሉ የእኛ ሰዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ከልጆቻቸው ጋር የመጡ እናቶች ነበሩ። ፊልሙን የሠራችው ማደሊን ኦልኔክ ናት፤ መጀመሪያ የታየው በ2018 ሲሆን ኤሚሊን ሆና የተጫወተችው በአስቂኝነቷ የምትታወቀው ሞሊ ሻነን ናት። ቀልዱ የቆመው በአንድ ቀላል ዘዴ ላይ ነው፦ ሜብል ሉሚስ ቶድ የምትባል ሴት በጉባኤ ፊት ቆማ ስለዚያች ከሰው ስለተሸሸገች፣ ፍቅር ስላላየች ድንግል ባለቅኔ በተመስጦ ትናገራለች፤ ፊልሙም ወዲያው የተናገረችውን ተቃራኒ ያሳያል። ኤሚሊና ሱዛን ጊልበርት በዚያ ሰፊ ቀሚስ ተጠላልፈው ይሳሳማሉ፣ የሰው ኮቴ ሲሰማ ይደነባበራሉ። ሱዛን ደግሞ የኤሚሊ ወንድም የኦስቲን ሚስት ናት፤ የምትኖረውም አጥር ተሻግሮ ባለው ቤት ነው።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ ወረቀቱን በስክሪኑ ብርሃን እያዩ ፊልሙን ይከታተሉ ነበር። ከመጀመሪያው መሳሳም በኋላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ይህች ጓደኛዋ ናት አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«ታዲያ ይሄ ቅዳሜ ና ብላ የጻፈችለት ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?»

ትንሽ ይጠብቁ አልኳቸው፤ ምን ልበል? እርሳቸውም ጠበቁ። ባለ ኮፍያ ወንድ ብቅ ባለ ቁጥር «ይሄ ነው?» ይላሉ። ከ1862 ጀምሮ ከኤሚሊ ጋር የተጻጻፈው የሥነ ጽሑፍ ሰው ቶማስ ሂጊንሰን ሲገባ «ይሄ ነው?» አሉ፤ ዳኛው ሲመጣ «ይሄማ ሽማግሌ ነው» ብለው ራሳቸው ጣሉት። ከኋላችን ያሉት ልጆች ይስቃሉ፤ ከፊሎቹ በፊልሙ፣ ከፊሎቹ በእኛ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳለፈ እናቲቱ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና፣ ማን መሆኔን ሳያውቁ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ ይሄን ወረቀት የጻፈው ሰው ፊልሙን አላየውም» አሉኝ።

ፊልሙ ሲያልቅ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በአንዱ ወገን ሱዛን የሞተችውን የኤሚሊን ገላ ታጥባለች፤ በሌላው ወገን ሜብል የሱዛንን ስም ከጽሑፎቹ ላይ እየፋቀች ታጠፋለች። ሲስቅ የቆየው አዳራሽ ጸጥ አለ። እኔ የማየው ግን የሜብልን እጅ ብቻ ነበር።

አስቀድሜ ማንበብ የነበረብኝን በዚያ ሳምንት መጨረሻ አነበብኩ። ሱዛን ከኤሚሊ በዘጠኝ ቀን ብቻ የምታንስ እኩያዋ ናት። በ1851 እና 1852 ባልቲሞር ውስጥ ሒሳብ ታስተምር ስለነበር፣ ያ የቅዳሜው ደብዳቤ በሰኔ 1852 የተላከው ከጠረጴዛዬ በመኪና አንድ ሰዓት ወደማይሞላ ከተማ ነው። በ1856 ኦስቲንን አገባች፤ ኤሚሊም ለማንም ካካፈለችው የበለጠ ግጥም ያካፈለችው ለእርሷ ነው። ኤሚሊ ስትሞት እህቷ ላቪንያ በእጅ የተሰፉ ጥራዞች አገኘች፤ እነዚህም ዞረው ዞረው የኦስቲን ውሽማ በነበረችው፣ ኤሚሊን ግን ፊት ለፊት አይታት በማታውቀው በሜብል እጅ ገቡ። ሜብልና ሂጊንሰን የመጀመሪያውን መድበል በ1890 ሲያሳትሙ ርእስ ለሌላቸው ግጥሞች ርእስ ሰጡ፣ ያልገጠመ ቤት አስገጠሙ፣ ሰረዞቿን ቀነሱ። በእጅ ጽሑፎቹ ላይ የሱዛን ስም የተፋቀበት ቦታ አለ፤ ስለ ሱዛን የተጻፈ አንድ ግጥምም ስንኝ በስንኝ በቀለም ተድጧል። የደለዘችው ሜብል ናት ወይስ ኦስቲን ራሱ የሚለው ሙግት አላለቀም፤ ፊልሙ ግን ፍርዱን በሜብል ላይ ጥሏል። በእኔ አስተያየት ትንሽ በዝቶባታል፤ ያን ለማንበብ የሚያስቸግር የእጅ ጽሑፍ ለዓመታት ቁጭ ብላ የገለበጠች ሴት ናትና፣ ተርጓሚ ሆኖ ለእርሷ የማይራራ የለም። እኔ ደግሞ በተለይ መራራት ነበረብኝ።

ሰኞ ዕለት ኃላፊያችን ጋሼንና እኔን ጠራችን፤ ከማዕከሉ ደብዳቤ ደርሷታል። ቁጣ አልነበራትም፤ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የማኅበረሰባችሁን ቅያሜ ፈርታችሁ ሆን ብላችሁ ያደረጋችሁት ነው ወይ? እኔ ወዲያው «የለም» አልኩ። ስለ መጀመሪያው ቅንጫቢ መልሱ እውነት ነበር። ስለ ዘጠነኛው ረድፍ ግን ቤቴ ገብቼ እንኳ እርግጠኛ ልሆን አልቻልኩም፤ ያን ስም ሳይ ቆሜ ነበርና። አንድ የስልክ ጥሪ ነገሩን ያጠራው ነበር፤ እኔ ግን ከመደወል ይልቅ «ለጓደኛዋ» የሚል ቃል መጨመር ቀለለኝ። ያ ቃል ለአንባቢው ሳይሆን ለእኔ ዕረፍት የተጻፈ ነበር።

ከጋሼ ጋር በእርማቱ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን። እርሳቸው ሁሉንም ወደ «እርስዎ» እንመልሰውና ማንንም ሳናስቀይም እንለፍ ባይ ነበሩ። ክርክራቸው የሚናቅ አልነበረም፤ ወረቀቱ ቤት ይገባል፣ ልጅና እናት አብረው ያነቡታል፤ ደግሞም በእኛ ዘፈን «አንቺ» ሲባል አንዱ ሴት፣ ሌላው አገር እያለ ይሰማው የለም ወይ፣ ለምን ለሰሚው አንተውለትም አሉኝ። እኔ ግን ዘፈኑን ሰሚው የሚፈታው ገጣሚው «አንቺ» ብሎ ስለተወለት ነው፣ እዚህ ግን ሰሚው ሳይደርስ የፈታሁት እኔ ነኝ አልኩ። ኤሚሊም ሱዛንን አንቱ ብላ አታውቅም፤ «እርስዎ» ብንላት ስሙን በትሕትና መፋቅ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ጋሼ ብዙ ዝም ካሉ በኋላ እስክሪብቷቸውን አንስተው በረቂቁ ላይ የመጀመሪያውን «ህ» ራሳቸው ወደ «ሽ» ቀየሩ። ሲቆጠር የተለወጡት ዐሥራ አንድ ግሶች ብቻ ነበሩ፤ «ለጓደኛዋ» ደግሞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በድርጅታችን ሰንጠረዥ ላይ «ተናጋሪ» እና «ተቀባይ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ተጨምረዋል፤ ደንበኛው ሳይሞላቸው የሆስፒታል ቅጽ እንኳ አንጀምርም።

ማዕከሉ ፊልሙን በሁለተኛው ወር በድጋሚ ሲያሳይ አዲሱን ወረቀት በር ላይ ቆሜ ያደልኩት እኔ ነኝ። እናቲቱ ሁለት ወዳጆቻቸውን አስከትለው መጡ። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከቦርሳቸውም አሮጌውን አውጥተው ጎን ለጎን ይዘው፣ ጣታቸውን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እያሻገሩ ቀስ ብለው አነበቡ።

«እንግዲህ ሰውየው ቀረ» አሉኝ።

«ቀረ፣ እማማ።»