ሹፌሩን ማን ጠየቀው?

ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ ሹፌር ስለ መኪናው ያለውን ሁሉ አይነግርህም። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰው ይሄን ቀስ በቀስ ይማረዋል፣ እኔን ግን በደንብ ያስተማረችኝ ግንቦት ላይ ጋራዣችን የመጣች አንዲት ላንድሮቨር ናት።

ሲሪስ 3 ናት፣ ረጅሟ፣ ባለ ቤንዚን ሞተር። ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ከተመረቱት አንዷ። ሥራዋ እንግዳ ወደ ጢስ ዓባይና ወደ ዘጌ ማመላለስ ነው፣ የሰርግ ሰሞን ደግሞ ሙሽራ ትጭናለች። ለሰርጉ ሲባል ተገነጣጥላ ሙሉ ቀለም ተቀብታለች። እውነቱን ለመናገር ታምራለች።

ባለቤቷን ጋሼ ልበላቸው። ጋሼ ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ምርመራውን ጨርሰው ነው የመጡት። "ሞተሩ መንገድ ላይ፣ ማታ ማታ ይብስ፣ የሚያጠፋው ከሙቀት ነው፣ ቤንዚኑ እየተነነ። መብራቱ የደከመው ደግሞ ዲናሞው ስላበቃለት ነው፣ እሱን ቀይርልኝ።" ቀጠሉና፣ ድምፃቸውን እንኳ ዝቅ ሳያደርጉ፣ "ማታ ማታ ደግሞ የነዳጁ ቀስት ይወርዳል። ማን እንደሚጠጣው እግዜር ይወቅ" አሉ። ሹፌሩ መሬት መሬት ያያል።

ቤንዚን በወረፋ በሚቀዳበት፣ ወረፋ ያልደረሰው በጀሪካን በውድ በሚገዛበት ጊዜ እንዲህ ያለ ንግግር ቀልድ አይደለም። ሰው እንጀራውን ያጣበታል።

የሙቀቱ ነገር ባዶ ወሬ አይደለም። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ፈሳሽ ቶሎ ይተናል፣ ካርቡራቶር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ባለው መኪና ላይ ደግሞ ሙቀቱ ሲያይል ቤንዚን ቱቦው ውስጥ ተንኖ ሞተር ሊያጠፋ ይችላል። ግን ሙቀት ከሆነ ማታ ለምን ይብስበታል? ዲናሞውንም ቴስተር ሰካሁበት። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.8 ቮልት ያሳያል። ምንም አልሆነም።

ከእኛ በፊት የሄዱበት ጋራዥ ባትሪ ቀይሯል፣ ለካንዴላ ኃይል የሚሰጠውን ቦቢና ቀይሯል፣ በሞተሩ እየተገፋ የሚሠራውን የድሮ የነዳጅ ፓምፕ አንስቶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ገጥሟል። ይሄን ሁሉ የነገሩኝ ጋሼ ናቸው፣ በብር ጭምር እየቆጠሩ። ሹፌሩ አንድ ሁለቴ አፉን ሊከፍት ሲል "አንተ ቆይ" ይሉታል።

"ጋሼ፣ ሥራው ትንሽ ይቆያል" አልኳቸው። "ሐይቁ ዳር ወርደው አሳ ይብሉ፣ ስጨርስ እደውልልዎታለሁ።" ሄዱ። ሻይ አስመጣሁና ሹፌሩን ተቀመጥ አልኩት።

"በል አንተ ንገረኝ፣ መቼ መቼ ነው የሚያጠፋብህ?"

መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ የሚያቆመው ጠፋ። ቀንም ያጠፋል፣ ማታም ያጠፋል፣ ግን አጠፋፉ ይለያያል አለኝ። ቀን የሚያጠፋው ብዙ ከነዳ በኋላ ነው፣ ጉልበት እያነሰው እያነሰው ይሄድና ቀጥ ይላል፣ ዳር ይዞ ትንሽ ካረፈ ደግሞ ይነሳል። ማታ ግን ርቀት የለውም፣ መብራት ሲያበራ ነው፣ ያውም ረጅሙን፣ ያውም ዳገት ላይ። መብራቱን ሲያጠፋው ሞተሩ ነፍስ ይዘራል። ቀስቱም የሚወርደው ያኔ ነው፣ መብራት ሲጠፋ ወደ ቦታው ይመለሳል።

"ለጋሼ ነግሬያቸው ነበር። ቤንዚንና መብራት ምን አገናኘው አሉኝ።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከቀለሙ ወዲህ።"

ሥራው እዚህ ላይ አለቀ ብል ማጋነን አይሆንም። ኮፈኖውን ከፍቼ ጥቁሮቹን ሽቦዎች ተከትዬ ሄድኩ። የሁለቱ የፊት መብራቶች ማሳ፣ የአዲሱ ፓምፕ ማሳ፣ የነዳጅ መለኪያው ማሳ፣ ሁሉም ግራ ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ያለው ሽፋን) ላይ በአንድ ብሎን ታስረዋል። ማሳ የምንለው ከረንቱ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው። መሄጃውን ሁሉም ሰው ይፈትሻል፣ ፊውዝ ያያል፣ አምፖል ይቀይራል፤ መመለሻውን ዞር ብሎ የሚያየው ጥቂት ነው።

የላንድሮቨር አካል ደግሞ አሉሚኒየም ነው። መኪናው በ1948 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ከጦርነቱ ማግስት ብረት እጥረት ስለነበር ፓነሉን በአሉሚኒየም ሠሩት፣ በዚያው ቀረ። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፣ ላዩ ላይ የሚይዘው ነጭ ነገር ግን ከረንት አያሳልፍም፣ ከብረት ብሎን ጋር ተገናኝቶ እርጥበት ሲያገኝ ይብስበታል። እዚህኛው ላይ ደግሞ ቀለም ቀቢው ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ሳይሸፍን ሽፍን አድርጎ ቀብቶታል። ያማረው ቀለም እንግዲህ ይሄን ነው የሠራው።

የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ብሎኑ ላይ አድርጌ ሹፌሩን ረጅሙን አብራ አልኩት። 3 ቮልት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። እዚያ ቦታ ላይ ግማሽ ቮልት እንኳ ብዙ ነው። አምፖሎቹን ባይ ደግሞ ባለ 100 ዋት። መብራቱ ደከመ ተብሎ ትልቅ አምፖል ገብቷል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲበሩ ወደ 16 አምፒር ይጠይቃሉ፣ ያ ሁሉ በቀለም በታፈነው ብሎን ልመለስ ይላል፣ ከረንቱ በበዛ ቁጥር እዚያ የሚቀረው ቮልቴጅም ይጨምራል። ፓምፑ ከዚሁ ብሎን ስለሆነ ቮልቱ አንሶት ይዝላል፣ ዳገት ላይ ካርቡራቶሩ ይደርቃል። የነዳጅ መለኪያውም ከዚሁ ስለሆነ ይዋሻል።

ብሎኑን ሳልነካው ጋሼን ደወልኩላቸው። ከጸዳ በኋላ ማን ያምነኛል? መጡ፣ መኪናው ውስጥ አስቀመጥኳቸውና ቀስቱን ይመልከቱ አልኳቸው። ሹፌሩ ረጅሙን አበራ፣ ቀስቱ ቀስ እያለ ወረደ። አጠፋ፣ ተመለሰ። እንደገና አስበራሁትና አንድ ወፍራም ሽቦ ከብሎኑ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ አገናኘሁ። መብራቱ ግድግዳው ላይ ቦግ አለ፣ ፓምፑ ድምፁን ቀየረ፣ ቀስቱም ወደ ላይ ወጣ።

ጋሼ ትንሽ ዝም ብለው ወደ ሹፌሩ ዞሩ። "ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬዎት ነበር ጋሼ።"

ጥገናው ራሱ ብዙ ወሬ የለውም። ቀለሙን እስኪያብለጨልጭ ፋቅኩት፣ ግራሶ ቀባሁት፣ ከብሎኑ ወደ ባትሪው የራሱን ወፍራም ሽቦ አስገባሁለት፣ የፓምፑን ማሳ ለብቻው ሻንሲው ላይ አሰርኩ። አምፖሎቹን ወደ 60/55 ዋት (ረጅሙ 60፣ አጭሩ 55) መለስኳቸው። በዚህ መኪና ላይ የፊት መብራቱ ከረንት በሙሉ መሪው ላይ ባለው ማብሪያ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ 100 ዋት ከቀጠለበት ማብሪያውን ያቀልጠዋል፤ ስለዚህ ሪሌይ (በትንሽ ከረንት ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ) እና ፊውዝ ጨመርኩ። ጋሼ ትንሽ አምፖል ትንሽ ብርሃን ነው ብለው ተከራከሩኝ። አምፖል ላይ የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል፣ ሙሉ ቮልት ያገኘ 60 ዋት የተራበውን 100 ዋት ያስንቃል። በነገር አላመኑኝም፣ ማታ ወደ ቤዛዊት ዳገት ይዘናቸው ወጣንና በዓይናቸው አዩ።

የቀኑ በሽታ ግን ሌላ ነው፣ ከመብራቱ ጋር አይገናኝም። ረዘም አድርገን ነድተን ጉልበት ማጣት ሲጀምር አስቆምኩና የሰልባትዮውን፣ የቤንዚን ታንኩን፣ ክዳን ከፈትኩ። አየር ስቦ ሲገባ ፉጨቱ ተሰማ። ዋናው ክዳን ቀለም ቤት ጠፍቶ ከሌላ መኪና የመጣ፣ መተንፈሻ የሌለው ክዳን ነው የተገጠመላት። ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ሰልባትዮው ውስጥ ባዶ ይፈጠራል፣ ፓምፑ ያን አሸንፎ መሳብ ያቅተዋል፣ ቆም ሲል ደግሞ በስንጥቅ ትንሽ ትንሽ አየር ገብቶ ይለቀዋል። አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ቀዳዳ ያለው ክዳን አገኘን።

ሒሳብ ላይ ጋሼ "ብሎን ለፋቅህ ይሄ ሁሉ?" አሉ። ሹፌሩ ቀደም ብሎ "ጋሼ፣ ዲናሞው ስንት ነበር?" አላቸው። ከፈሉ።

አንድ ነገር ነው ያልተቋጨው። የድሮው ፓምፕ ቢገኝ ይመለስ ብያለሁ፣ ኤሌክትሪክ ስለማይፈልግ ለእንዲህ ዓይነት መኪና እሱ ይሻላል፣ ብዙ ጊዜም የሚበላሸው ውስጡ ያለው ስስ ጎማ ብቻ ነው። የነቀሉት ሰዎች ባለቤቱ ወስዶታል ይላሉ፣ ጋሼ አልወሰድኩም ይላሉ፣ ሹፌሩ እንደገና እያጣራ ነው።