ወደ ነጩ ነጥብ

ነሐሴ 11፣ ማታ።

ጅማ ዛሬም ከቀትር ጀምሮ አላባራም። የጥገና ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ኦሲሎስኮፑን፣ የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን ላይ ስሎ የሚያሳየውን መሣሪያ፣ በላስቲክ ጠቀለልኩት። በባጃጅ፣ ጭኔ ላይ እንደ ሕፃን አቅፌ ቤት አመጣሁት። ሱቅ ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። እኔ ደግሞ ይህንን ሥራ ማንም ሳያናግረኝ መሥራት ነበረብኝ።

መሣሪያው በዕድሜ ይበልጠኛል። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሼ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው የሰጡኝ። «ቴስተር ቁጥር ይነግርሃል፣ ይሄ ግን መልኩን ያሳይሃል» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። አንድ አምፕሊፋየር ለምን እንደሚያንቋርር በቁጥር ስፈልግ ውዬ ያጣሁትን፣ እዚህ አረንጓዴ መስመር ላይ በአንድ ዓይን አይቼው አውቃለሁ።

ችግሩ የጀመረው ግንቦት ላይ ነው። መሣሪያው ራሱን የሚፈትሽበት አራት ማዕዘን ሞገድ አለው። ቁመቱ ስክሪኑ ላይ ከተሰመሩት ካሬዎች አምስት መሙላት አለበት። አራት ከሩብ ሆኖ አገኘሁት። ሥራ ተደራርቦብኝ ስለነበር ከቨሩን ከፍቼ የቁመት ማስተካከያዋን አዞርኳት። ጋሼ ትክክለኛ ቦታዋን በነጭ ቀለም ነጥብ አድርገውባታል። ነጥቡን አልፌ ሄድኩ። አምስት ካሬ ሞላልኝ፣ ከቨሩን ዘጋሁ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ስፋቱም ልክ እንዳልሆነ አየሁ። ሞገዱ ወደ ጎን ተጨማዷል። በሴኮንድ 1,000 ጊዜ መመላለስ ያለበት፣ ስቆጥረው 1,170 ገደማ ይወጣል። መጀመሪያ ሁለት ብልሽት መሰለኝ። ቁመቱን የሚሠራው ሰርኪዩት ሌላ፣ ስፋቱን የሚሠራው ሌላ ነውና። ዛሬ ግን ማስተካከያዋን ወደ ነጩ ነጥብ መልሼ ሁለቱን ለካሁ። ሁለቱም ያነሱት በእኩል መጠን ነው። ሁለት የማይገናኙ ሰርኪዩቶች ተማክረው እኩል አይደክሙም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ነው፤ የስክሪኑ ቱቦና የሚመግበው ከፍተኛ ቮልቴጅ።

በቱቦው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከጋለው ጫፍ ተነስተው በ2,000 ቮልት ተስበው ይሮጣሉ። መንገድ ላይ በሁለት ጥንድ ሳህኖች መካከል ያልፋሉ። አንዱ ጥንድ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ጎን ያጥፋቸዋል። ቮልቱ ከፍ ካለ ይፈጥናሉ፣ በሳህኖቹ መካከል የሚቆዩበት ጊዜ ያጥራል፣ ትንሽ ብቻ ይታጠፋሉ። ስለዚህ ምስሉ በሁለቱም በኩል ያንሳል። እኔ ሁልጊዜ ምስል ሲያንስ ኃይል አነሰ ብዬ ነበር የማስበው። ነገሩ ተቃራኒው ነው።

ግን መለካት አለብኝ። ቴስተሬ ከ1,000 ቮልት በላይ አይችልም። ጅረት የሚገድቡ ዘጠኝ ሬዚስተሮች፣ እያንዳንዳቸው ባለ 10 ሜጋኦም (10 ሚሊዮን ኦም)፣ በተከታታይ በይጄ እስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ከተትኳቸው። ቴስተሩ ራሱ 10 ሜጋኦም ስለሆነ፣ የሚደርሰው የቮልቱ አንድ አሥረኛ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሜን ማጥፊያው አጠገብ አስቀመጥኩት። ይህ ቮልቴጅ ይገድላል። ከጠፋ በኋላም ኤሌክትሪክ በሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ውስጥ ይቆያል። መጀመሪያ በሬዚስተር አፈሰስኩት፣ ገመዱን አሰርኩ፣ እጄን ሰበሰብኩ፣ ከዚያ «አብራ» አልኩት። ሲበራ ምንም አልነካሁም።

234። ማለትም 2,340 ቮልት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርጥበቱን ነበር። የጅማ ክረምት ከአቧራ ጋር ሲገናኝ ለከፍተኛ ቮልቴጅ መንገድ ይሠራለታል። ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩም ስስ ስለሆነ ብልጭታ ለመዝለል ይቀለዋል። ቦርዱን በአልኮል አጥቤ አደረቅሁት። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ ወደ ሦስቱ ሬዚስተሮች ሄድኩ። ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሰርኪዩት 2,000 ቮልትን በቀጥታ ማየት አይችልም። በእነዚህ ሬዚስተሮች በኩል የምትመጣለትን 0.2 ሚሊአምፔር ገደማ ጅረት ነው የሚያየው። ጅረቷ ካነሰች «ቮልቱ ወርዷል» ብሎ ይጨምራል። ልካቸውን የሚናገሩት የቀለም ቀለበቶች ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ ናቸው። እያንዳንዳቸው 3.3 ሜጋኦም መሆን አለባቸው። አንድ አንድ እግራቸውን ነቅዬ ለካሁ። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው 5 ሜጋኦም ደርሷል። ከካርቦን ዱቄት የተጋገሩት የድሮ ሬዚስተሮች ሲያረጁ፣ እርጥበትም ሲጠጡ፣ እንዲህ ቀስ እያሉ ያድጋሉ። ሰርኪዩቱ ሥራውን በደንብ እየሠራ ነበር። የሚደርሰው ወሬ ነው የተሳሳተው።

የቮልቱን ማስተካከያ ዞር አድርጌ 2,000 ላይ ማምጣት እችል ነበር። እጄም ሄዶ ነበር። ግን ይህ ግንቦት ላይ ያደረግኩት ነገር ነው። ያን ጊዜ ልክ ባልሆነ መሣሪያ የስንት ሰው ዕቃ ለክቼ እንደመለስኩ ሳስብ ሆዴን ይበላኛል። ፍጥነቱን አንብቤ ውሳኔ የሰጠሁባቸውን ሁለት ዕቃዎች ባለቤቶች ነገ ደውዬ አስመልሳቸዋለሁ።

ለከፍተኛ ቮልቴጅ የተሠራ ሬዚስተር እጄ ላይ የለም። ትንንሾቹ ባለ ሩብ ዋት ግን አሉ። እነሱ የሚችሉት 250 ቮልት ነው። በአንዱ አሮጌ ሬዚስተር ፈንታ ሦስት ባለ 1 ሜጋኦምና አንድ ባለ 330 ኪሎኦም አሰለፍኩ። ከ200 ቮልት ብዙ የሚበልጥ የሚሸከም የለም። ሦስቱንም ቀየርኩ፣ አሥራ ሁለት ሬዚስተር ሆነ። ብየዳው ላይ ሹል ነገር እንዳይቀር አንድ በአንድ አለሰለስኩት። ከሹል ጫፍ ነው ብልጭታ የሚነሳው።

አበራን። 201። በማስተካከያዋ ትንሽ ነካ አድርጌ 200 ላይ አቆምኳት። የቁመት ማስተካከያዋ ነጩ ነጥብ ላይ እንዳለች አምስት ካሬ ሞላ።

ሰዓቱ ቢመሽም ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ይሰማዎታል? ተስተካከለ! አምስት ካሬ ሞላ።»

«ስፋቱስ?» አሉኝ።

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አልኩና ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። እሳቸውም አብረውኝ ይቆጥራሉ።