ላስቲክ የለበሰው ካቻቢቴ

ሬዲዮው የጠረጴዛ ነው፤ በእጅ የሚዞር፣ ባለ መርፌ። ቸርችል ጎዳና ወዳለው ሱቃችን ይዘውት የመጡት እናት ብዙ አላወሩም፦ «ሠሪው ሲነካካው ጥርት ብሎ ይናገራል፤ እጁን ሲያነሳ 97.1 ይጠፋል። ሁለቴ ከፍያለሁ።»

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሽፋኑ ሳይከፈት ግማሹን ነገር ይናገራል። አንድ ሰው ሬዲዮውን በብረት ቃኝቶታል ማለት ነው። ሲከፈትም እንደተጠረጠረው ሆነ። የኦሲሌተሩ (ሬዲዮው የትኛውን ጣቢያ እንደሚይዝ የሚወስነው ክፍል) ትሪመር፣ ማለትም በካቻቢቴ የምትዞረው ትንሽ ማስተካከያ ካፓሲተር፣ ስንጥቁ ተጋግጧል፣ የፋብሪካው ሰም ተፍቋል፣ ከአይ ኤፍ ጥቅሎቹ (የተያዘውን ጣቢያ የሚያጣሩት የሽቦ ጥቅሎች) የአንዱ ኮር፣ መሐሉ ላይ የሚዞረው የፌራይት ዘንግ፣ ደግሞ ለሁለት ተሰንጥቆ ጣሳው (የብረት ሽፋኑ) ውስጥ ተቀርቅሯል። እናትዬዋ ከኛ በፊት የነካካውን ልጅ አስጠሩት፤ ሱቁ እዚያው ሕንፃ ላይ ነው። ልጁ ትሑት ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። መሣሪያውን በእጁ ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ በተራ ካቻቢቴ የነካሁት እንዳይመስልዎት። ይኸው፣ ላስቲክ የለበሰ ነው። 1000 ቮልት ተጽፎበታል።»

እውነቱን ነው። መሣሪያው ጥሩ ነው፤ እጀታው ወፍራም፣ ዘንጉ እስከ ጫፉ ድረስ የተሸፈነ።

«ጫፉስ?»

«ጫፉማ ብረት ነው። ብረት ካልሆነ በምን ይዞራል?»

ይህች መልስ እስካሁን ትከነክነኛለች። ልጁ ለመከራከር አልነበረም የተናገረው፤ ከልቡ ነው። መሣሪያ ሲመርጥ የተማረው አንድ ነገር ነው፤ ኤሌክትሪክ እንዳይዘው። ይህን ደግሞ በትክክል ተምሯል። ቀሪውን ግን የነገረው የለም።

«ላስቲኩ ላንተ ነው የተሠራው፤ ጥቅሉ ከላስቲኩ ምንም አይጠቀምም» አልኩት። በወሬ እንዳይቀር አንድ የሚሠራ ሬዲዮ ከፍተን 97.1 ላይ አቆምነው። ካቻቢቴውን እንዲያስጠጋ፣ እንዳይነካ ነገርኩት። ጫፉ ትሪመሩ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ድምፁ ተንሻፈፈ፣ ከዚያ ሹክሹክታ ብቻ ሆነ። ሲያርቀው ተመለሰ። ቀጥሎ ስቴኪኒ ሰጠሁት። ስቴኪኒውን እስኪያስነካው ድረስ አስጠጋው፤ ሬዲዮው ንቅንቅ አላለም። ልጁ ካቻቢቴውን አገላብጦ አየና «እና ስቃኝ የነበረው ሬዲዮውን ከካቻቢቴው ጋር ነው» አለ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም።

በቁጥር እንየው። በተለመደው ኤፍ ኤም ሬዲዮ ኦሲሌተሩ ከጣቢያው 10.7 ሜጋ ኸርዝ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ለ97.1 ማለት 107.8 ላይ ነው። ጥቅሉ ላይ ያለው ጠቅላላ ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም አቅም) 20 ፒኮ ፋራድ ነው እንበል። ብረቱና የያዘው እጅ 1 ፒኮ ፋራድ ብቻ ቢጨምሩ ኦሲሌተሩ ከ2.5 ሜጋ ኸርዝ በላይ ዝቅ ይላል። ሠሪው ይህን ለማካካስ ትሪመሩን ይቀንሳል፤ ድምፁ ሲጠራ «ተስተካከለ» ይላል። መሣሪያው ሲነሳ ያ 1 ፒኮ ፋራድ አብሮ ይነሳና ኦሲሌተሩ ያንኑ ያህል ወደ ላይ ይሸሻል። መርፌው 97.1 ላይ እንዳለ ሬዲዮው 98.1ን አልፎ ሌላ ቦታ ያዳምጣል። መርፌውን ዝቅ አድርጎ 97.1ን ፈልጎ ማግኘት ይቻላል፤ ግን የአንቴናው ጥቅል ስላልተከተለው ድምፁ ደካማ ይሆናል። ኮር ባለው ጥቅል ላይ ደግሞ ችግሩ ኢንዳክታንሱ (ጥቅሉ የጅረት መለዋወጥን የሚቃወምበት መጠን) ነው፦ ነሐስና አሉሚኒየም ሲጠጉ ይቀንሱታል፣ ብረት እንደ ፍሪኩዌንሲው ይጨምረዋል ወይም ይቀንሰዋል።

የኮሩ መሰንጠቅ የተለየ ጉዳይ ነው። የኮሩ ቀዳዳ ባለ ስድስት ማዕዘን ነበር፤ ልጁ ያስገባው ጠፍጣፋ ጫፍ ነው። ጠፍጣፋው በሁለት ማዕዘን ብቻ ይገፋል፣ ፌራይት ደግሞ እንደ ሸክላ ነው፤ አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። ኮሩ አልዞር ሲል ጉልበት ከመጨመር በፊት ጣሳውን በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅና ሰሙ እስኪለሰልስ መታገሥ ያስፈልጋል።

ታዲያ ትክክለኛው መሣሪያ ከየት ይገኛል? ልጁም የጠየቀው ይህንኑ ነው። ከውጭ የሚመጡ ሁለት ዓይነት አሉ፦ የናይሎን መቃኛ ስብስብና ጫፉ ሴራሚክ የሆነ ትንሽ ካቻቢቴ። ሴራሚኩ ቶሎ አይበላም፣ ማግኔትም አያውቀውም፤ ግን ወደ ጎን ከተጫኑት ወይም መሬት ከወደቀ ይሰበራል። የናይሎኑ ጫፍ ቶሎ ይጠመዘዛል፤ ስለዚህ ሰም ያልተፈታለትን ትሪመር ለማላቀቅ አይሆንም።

ካልተገኘ ይሠራል። ከሁሉም የምመርጠው የሰርኪት ቦርድ ፋይበር ነው፤ አረንጓዴው ወይም ቢጫው፣ 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው። ምናለሽ ተራ ከሚሸጥ አሮጌ ቦርድ ይቆረጣል። ነገር ግን የኮምፒውተር ማዘርቦርድ አይወሰድ፤ መሐሉ የተደበቀ መዳብ አለው። ወደ ብርሃን አንስቶ ማየት ነው፤ ብርሃን በእኩል የሚያሳልፍ ቦታ ከሆነ ደህና። ፊቱ ላይ ያለው መዳብ በካውያ እየሞቀ በቢላ ይላጣል። ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 4 ሚሊ ሜትር ተደርጎ ይቆረጥና ጫፉ በሞረድ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠባል። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ትሪመሩ ስንጥቅ ውስጥ ሳይላወስ እስኪገባ፣ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን ይሳሳል። ይህ ሁሉ በውሃ እየረጠበ ይሠራ፤ የፋይበሩ ብናኝ ሳንባ የሚጎዳ ብርጭቆ ነው፣ ማስክም አይረሳ። እጀታ ከተፈለገ የእስክሪብቶ ቀፎ ይበቃል።

ለባለ ስድስት ማዕዘኑ ኮር የሹራብ መሥሪያ የፕላስቲክ ዘንግ ተሞርዶ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል፤ ቀለም የተቀባ አሉሚኒየም ፕላስቲክ መስሎ ይሸጣል። ቀለሙን በሁለት ቦታ ፋቅ ፋቅ አድርጎ በቴስተር ማየት ነው። ስቴኪኒና ቀርከሃ ደረቅ ከሆኑ ለቀላል ነገር ይሠራሉ፤ በላብ ከራሱ ግን አይታመኑም። ጥቁር ፕላስቲክ ያጠራጥራል፤ ለስታቲክ መከላከያ የተሠራው ካርቦን አለበት፣ ቴስተር በዝቅተኛው የኦም መስመር ላይ ምንም ላያሳይ ይችላል። የካርቦን ፋይበር ዘንግም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የመጨረሻው ዳኛ ቴስተር ሳይሆን የሚሠራ ሬዲዮ ነው፦ ሳይነኩ ሲያስጠጉት ጣቢያው ከተንቀሳቀሰ መሣሪያው ይጣል።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያን ካቻቢቴ ሊጥለው ፈለገ። ከለከልኩት። የፓወር ሰፕላይ ቮልቴጅ የሚስተካከልበት ተራ ቫሪያብል ሬዚስተር ላይ የብረት ጫፍ ችግር የለውም፤ እዚያ የሚያሰጋው ጫፉ ተንሸራቶ አጠገቡ ባለ የሌላ ዕቃ እግር ላይ ማረፉ ነው፣ ለዚህ ደግሞ የለበሰው ዘንግ ይጠቅማል። በተቃራኒው እቤት የተሠራ የፋይበር መቃኛ ከአደጋ ያድናል ብሎ ማመን ሞኝነት ነው። 220 ቮልት ኤሲ ወደ ዲሲ ሲለወጥ 310 ቮልት ገደማ ሆኖ ትልቁ ካፓሲተር ላይ ይቀመጣል፤ የፋይበር ቁራጩን ለዚያ የፈተነው የለም።

የሬዲዮው ጥቅል ተቀየረ። ምትኩ የወጣው ከተጣለ የቴፕ ቦርድ ነው። የ10.7 ሜጋ ኸርዝ (የኤፍ ኤም) እና የ455 ኪሎ ኸርዝ (የኤ ኤም) ጣሳ በመልክ አንድ ናቸው፤ የኤ ኤሙ ብዙ ጊዜ ቢጫ፣ ነጭ ወይም ጥቁር ጫፍ አለው፣ ቀዩ ኦሲሌተር ነው። ቀለም ብቻ ግን አይታመንም፤ ጥቅሉ የተነቀለበትን ቦታ ማወቅ ይሻላል። አይ ኤፉ በፋይበሩ መቃኛ ድምፁ ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ተቃኘ፣ ከዚያ ትሪመሩ፤ በእያንዳንዱ እርምጃ መሣሪያው እየተነሳ ነበር የሚሰማው።

ሒሳቡን ልጁ «የጥቅሉን እኔ እከፍላለሁ» አለ፤ እናትዬዋም የሥራውን ከፈሉ። ልጁ ኮሩን ሊያሽግ ሲል ግን ሱፐር ግሉን አወጣ፤ እጁን ያዝኩት። ሱፐር ግሉ ወደ ኮሩ መጠምዘዣ ጥርስ ሰርጎ ኮሩን ለዘላለም ይቆልፈዋል፤ ቀጣዩ ሠሪ ሲያዞረው ይሰብረዋል። አንድ ጠብታ ሰም፣ ከኮሩ ጠርዝ ላይ፣ ይበቃል።