ጸጉራቸውን በከንቱ አላበጠሩም

ዛሬ አዘዞ አጎቴ ቤት ቡና ላይ ነበርን። የእህቴ ልጅ ቲክቶክ ላይ አንድ ዘፈን ደጋግማ ታሰማለች። አጎቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና "ይቺን ከየት አመጣሻት?" አሏት።

"አዲስ ናት እኮ አባባ!"

ሳቅ ገደለን። ፖል አንካ ነው። ራስሽን ትከሻዬ ላይ አሳርፊ የሚለው፣ በ1959 የወጣው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አጎቴ ጎንደር ጤና ኮሌጅ ሲማሩ በሸክላ ይሰሙት ነበር። ጸጉራቸውንም እንደሱ ያበጥሩ ነበር አሉ። ፎቶውን አይቻለሁ፤ አልተሳካላቸውም።

ማታ ስለ ሰውዬው ሳነብ እንቅልፌ ጠፋ። ኦታዋ፣ ካናዳ ነው የተወለደው፣ በ1941። "ዳያና" የምትለው ዘፈኑ በ1957 ስትወጣ ገና ወደ 16 ዓመቱ ነው። ኮረዶች አበዱለት። የዚያ ዘመን ጎረምሳ ኮከቦች ግን ብዙ አልቆዩም። በ1964 የእንግሊዞቹ ባንድ ቢትልስ አሜሪካ ሲገቡ ብዙዎቹ ደበዘዙ።

እሱ ግን ግጥም ሰጪ ነበር። እዚህ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ይገባዋል። "ተቀበል!" ትላለህ፣ ስንኝህን ትወረውራለህ፣ አዝማሪው በማሲንቆው ይቀበልሃል። ከዚያ በኋላ ግጥሙ የሱ ነው። ሽልማቱም ግንባሩ ላይ ይለጠፋል።

አንካም አንድ የፈረንሳይኛ ዜማ ወስዶ አዲስ የእንግሊዝኛ ግጥም ጻፈለትና ለታዋቂው አሜሪካዊ ዘፋኝ ለፍራንክ ሲናትራ "ተቀበል" አለው። "ማይ ዌይ" ናት፤ ሰው በዕድሜው ማብቂያ ሕይወቱን ዞር ብሎ የሚያይባት። አንካ ያኔ 27 ዓመቱ ነው! የ27 ዓመት ልጅ የሽማግሌ ኑዛዜ ሲጽፍ አስቡት። ለዘፋኙ ቶም ጆንስም "ሺዝ ኤ ሌዲ"ን ሰጠ። የጆኒ ካርሰን የአሜሪካ ቴሌቪዥን የማታ ፕሮግራም መክፈቻ ዜማም የሱ ነው፤ 30 ዓመት ተጫውቷል። ከማይክል ጃክሰን ጋር በ1983 የሠሩት አንድ ዘፈን ደግሞ በ2014 ወጣ፣ ማይክል ካረፈ ከ5 ዓመት በኋላ።

ለራሱም መዝፈኑን አልተወም። በ1974 ስለ እርግዝና የዘፈነው አሜሪካ ውስጥ 1ኛ ወጥቷል። ሰማሁት፤ እኔን አልያዘኝም። 80 ካለፈ በኋላም መድረክ ላይ ነው።

አላስችል ብሎኝ አጎቴ ጋ ደወልኩ።

"ማይ ዌይ የማን ነው?"

"የሲናትራ ነዋ! በዚህ ሌሊት ይህን ልትጠይቀኝ ነው?"

"ግጥሙ የፖል አንካ ነው።"

ትንሽ ዝም አሉ።

"በል ለልጅቱ ንገራት" አሉኝ። "ጸጉሬን በከንቱ አላበጠርኩም።"