ዘንድሮም ለእኔ ውሃ ቅዱልኝ

እንኳን አደረሳችሁ!

ዓመቱን ሙሉ ስልካችሁን ያላነሳሁላችሁ፣ "በዚህ ሳምንት እንገናኝ" ብዬ ወሩ ያለቀብኝ፣ መልእክታችሁን አይቼ ዝም ያልኳችሁ ሁሉ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ለበዓል አንድ ፎቶ ለጥፌ፣ ሁለት መስመር ጽፌ ነበር የማልፈው። የዘንድሮው ረዘም ይላል። ታገሡኝ።

ዕዳ ስላለብኝ ነው። ባለፈው በዓል ተሰብስበን ብርጭቆው ሁሉ ሲሞላ እኔ ውሃ ይዤ ተቀምጬ ነበር። "ምን ሆነሽ ነው?" ብላችሁ ጠየቃችሁኝ። ለአንዷ መድኃኒት እየወሰድኩ ነው አልኳት። ለሌላው ጨጓራዬ ተነስቶብኛል አልኩት። ለሦስተኛው መኪና ይዣለሁ አልኩት። መኪናዋ እንኳ እውነት ነበረች፤ ምክንያቱ እሷ አልነበረችም እንጂ። እኔ ይህን ሁሉ ስዋሽ እናንተ ደግሞ በጎን ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋል፦ አርግዛለች! በነጋታው አንዷ "እንኳን ደስ አለሽ" ልትለኝ ደወለች።

አላረገዝኩም። መጠጥ ትቼ ነው። ቀንሼ አይደለም፣ ጨርሶ ትቼ። አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሊሆነኝ ነው።

"አንቺ ደግሞ መቼ ጠጥተሽ ታውቂያለሽ?" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ሰካራም አልነበርኩም። ወድቄ ያነሳኝ ሰው የለም። በመጠጥ ምክንያት ከሥራ አልቀረሁም። ሰው አልሰደብኩም፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እኔ "በልኩ" የሚጠጡት ወገን ነበርኩ። እንዲያውም እኮራበት ነበር። ስለ መጠጥ ክርክር ሲነሳ "ዋናው ልክን ማወቅ ነው" የምለው እኔ ነበርኩ፣ ያውም ብርጭቆዬን ይዤ።

ታዲያ አንድ ቀን ማታ ይህን ልኬን ለካሁት። ቀልዴን አይደለም። ዱቄት የምለካበትን የፕላስቲክ መስፈሪያ አወጣሁና፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው "አንድ ብርጭቆ" ወይን ቀድቼ ወደ መስፈሪያው ገለበጥኩት። 260 ሚሊ ሊትር። አሜሪካኖች አንድ መጠጥ የሚሉት 14 ግራም ንጹሕ አልኮል ያለበትን ነው። በወይን 150 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በቢራ ደግሞ 355 ሚሊ ሊትር ይሆናል። እንግሊዞች በ8 ግራም ነው የሚቆጥሩት። በእነሱ ሒሳብ የእኔ "አንዲት" ሦስት ታልፋለች። ለዓመታት "ከሁለት አላልፍም" እያልኩ ስምል የነበረው በዚህ ብርጭቆ ነው።

ሕጎቼን ብታዩ ትስቃላችሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ። ከእራት በፊት አይጀመርም። ቤት ውስጥ ብቻዬን አልጠጣም። ሁለት ላይ ይቆማል። ደግሞ ለእያንዳንዱ ሕግ ይግባኝ ነበረው። ሐሙስ ማታ ከሆነ ያው ዓርብ ነው ይባላል። ልደት ከቁጥር ውጭ ነው። ስልክ እያወራሁ ከጠጣሁ ብቻዬን አይደለሁም። ከሳሽም፣ ተከሳሽም፣ ዳኛም እኔው። እንዲህ ባለው ችሎት ማን ይፈረድበታል?

ድካሙን ግን የማያውቅ አያውቀውም። አንደኛውን እየጠጣሁ ሁለተኛውን አስባለሁ። ሁለተኛው ሲያልቅ ጠርሙሱ ውስጥ ስንት እንደቀረ በዓይኔ እለካለሁ። ከፊቴ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ስለ እናቷ ሕመም ትነግረኛለች፤ እኔ በልቤ "ሦስተኛውን ብደግም የነገውን እዘላለሁ" እያልኩ እደራደራለሁ። ሰው ፊት ቁጭ ብዬ ከጠርሙስ ጋር ነበር የማወራው። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ራስሽን ታውቂዋለሽ።

ደግሞ ጨዋታው ከመነሻውም ፍትሐዊ አይደለም። አልኮል ገና በጥቂቱ መጀመሪያ የሚያላላው "ይብቃሽ" የሚለውን ማመዛዘን ነው። እንዲቆጥር የተቀመጠው ዘበኛ ከሁሉ ቀድሞ ይሰክራል። ከዚያ በኋላ ማን ይቁጠር?

ሌላው መጠጊያዬ ልብ ነበር። "ቀይ ወይን ለልብ ጥሩ ነው ይባላል።" ይህችን ስንቴ እንዳልኳት! ወሬዋ የቆየች ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 አንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፕሮግራም፣ ፈረንሳዮች ቅባት እየበሉ ልባቸው ደህና የሆነው በቀይ ወይን ይሆናል አለና ዓለም ተቀበለው። ጥናቶችም በልኩ የሚጠጡ ሰዎች ጨርሶ ከማይጠጡት የተሻለ ጤና እንዳላቸው ያሳዩ ነበር። ነገሩ የተበላሸው "የማይጠጡ" የተባሉት እነማን እንደሆኑ ሲጠየቅ ነው። ብዙዎቹ ድሮ ይጠጡ የነበሩ፣ ታመው ወይም ሐኪም ከልክሏቸው ያቆሙ ሰዎች ነበሩ። የታመመን ሰው ከጤነኛ ጋር አሰልፎ "አየህ፣ አለመጠጣት ያሳምማል" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ቻይና ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰዎችን ዘረ መል የተመለከተ ጥናት ወጣ። በምሥራቅ እስያ ብዙ ሰው በተፈጥሮው አልኮል አይስማማውም፤ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ ይመታል፣ ስለዚህ ትንሽ ነው የሚጠጣው። አጥኚዎቹ ሰዎቹን በምርጫቸው ሳይሆን አብሯቸው በተወለደው በዚህ ልዩነት ሲያወዳድሩ፣ መጠነኛ መጠጥ ከስትሮክ ይጠብቃል የተባለው ጠፋ። በጨመረ ቁጥር አደጋው ይጨምራል፣ አለቀ።

የካንሰሩ ነገር ደግሞ አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ አልኮልን ከትንባሆና ከአስቤስቶስ (ድሮ ለግንባታ ይውል ከነበረው ማዕድን) ጋር፣ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠው በአንደኛው ምድብ ያስቀመጠው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ይህ ማለት አንድ ቢራ ከአንድ ፓኮ ሲጋራ እኩል ይጎዳል ማለት አይደለም። ምድቡ የሚናገረው ማስረጃው አስተማማኝ መሆኑን ነው። አልኮል ከሚያመጣቸው ካንሰሮች ውስጥ የጡት ካንሰርም እንዳለ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን? እኔ እስከ አምና አላውቅም ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ለጤና ጉዳት የለውም የሚባል የአልኮል መጠን የለም ብሎ ቁርጡን ተናገረ። ካናዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሴቶች በሳምንት እስከ 10 መጠጥ የሚል መመሪያ ነበራት። በ2023 የወጣው አዲሱ መመሪያ አደጋው ዝቅተኛ ነው የሚለው በሳምንት ከ2 ሳይበልጥ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከአሥር ወደ ሁለት! እኔ "ልኬን አውቃለሁ" ስል ልኩ ራሱ ከሥሬ ሸሽቷል።

ይህን ሁሉ ያነበብኩት ግን ካቆምኩ በኋላ ነው። ካንሰር ፈርቼ አይደለም የተውኩት። በሳምንት አንዴ ሁለቴ ለሚቀምስ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፤ ማንንም ላስፈራራ አልፈልግም። እኔ የተውኩት መቁጠር ስለሰለቸኝ ነው። በልኩ መጠጣት በየማታው የሚደገም ውሳኔ ነው። መተው አንድ ውሳኔ ሆኖ አገኘሁት። ለእኔ የቀለለኝ እሱ ነው፤ ለሌላው ላይሆን ይችላል።

ቀለለኝ ስል ወዲያው እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ "ለአንድ ወር" ብዬ ነው የጀመርኩት፣ ራሴን ላለማስደንገጥ። ሁለቱ ሳምንት ቀፋፊ ነበር። ማታ ማታ እጄ ሥራ ያጣል። ጣፋጭ አማረኝ፣ ነጭናጫ ሆንኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ሳልነቃ ነጋ። ለዓመታት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እነቃ ነበር፤ የሥራ ጭንቀት ነው ብዬ አለቃዬን ስረግም። ለካስ አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ ሰውነት ሲያወጣው የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይበጣጥሰዋል። አለቃዬን በልቤ ይቅርታ ጠየቅኩ። ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልበል። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ፣ ጠዋት እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ሳትቀምሱ ቀኑ የማይጀመርላችሁ ካላችሁ፣ እንደ እኔ በአንድ ማታ ቁርጥ አታድርጉት። ሰውነት ከለመደ በኋላ ድንገት ማቆም የሚጥል መንቀጥቀጥና መቃዠት ያመጣል፣ ሊገድልም ይችላል። መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ። በሕክምና ክትትል የሚቆምበት መንገድ አለ። አያሳፍርም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ማኅበራዊው ነው። የጽዋችን ቃል "ለጤናችን!" መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ያን ዕለት በውሃ "ለጤናችን" ስል ጠረጴዛው ለአፍታ ጭጭ አለ። ከዚያ "አንዲት ብቻ"፣ "አታካብጂ"፣ "ለእኔ ስትዪ" ተከተለ። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው እኔም በተራዬ ስንቱን "ለእኔ ስትል" ብዬ አስጠጥቻለሁ። ውሃ የያዘ ሰው አጠገብ ሲቀመጥ የራስህ ብርጭቆ ድንገት ቁጥር ያወጣል። ለዚህ ነው ቶሎ እንዲጠጣልህ የምትፈልገው።

አንድ ወዳጅ ቀርቶብኛል። ተጣልተን አይደለም። ያገናኘን ብርጭቆ ሲነሳ የምናወራው አጣን። እሱ አሁንም ያመኛል። በአንጻሩ ሌላዋ ጓደኛዬ በጆሮዬ ጠጋ ብላ "እኔ እኮ ከተውኩ አራት ዓመቴ ነው" አለችኝ። ቶኒክ በሎሚ እየጠጣች አራት ዓመት አጠገቤ ስትቀመጥ ልብ አላልኩም። የራሴን ስቆጥር የእሷን መች አየሁት?

የቀረብኝም አለ፣ አልዋሽም። ያ የመጀመሪያው ሞቅታ፣ ትከሻ ላላ የሚልበት፣ ሁሉም ሰው ተጫዋች የሚሆንበት ደቂቃ ይናፍቀኛል። ሳልጠጣ መጨፈር ገና እየተማርኩ ነው። ከአራት ሰዓት በኋላ ደግሞ አንዱን ቀልድ ሦስቴ ትነግሩኛላችሁ፤ ሦስቴ እስቃለሁ፣ ሦስተኛው ላይ ግን ያው ሰው ነኝ።

ለዚህ በዓል የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ለእኔ ብላችሁ ጠርሙስ አትደብቁ፤ ጠጡ፣ ተጫወቱ። ውሃውን ግን ጠረጴዛው ላይ ከሌላው እኩል አስቀምጡት፣ ጓዳ ድረስ አታስኬዱኝ። ደግሞ ሌላም ሰው አልጠጣም ካለ በሰው ፊት "ለምን?" አትበሉት። ምናልባት እውነትም አርግዛ ገና ለማንም ያልነገረች ትሆናለች። ምናልባት አርግዛ የነበረች ናት። ምናልባት ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ የሆነ ሰው ነው።

ማታ የሚያደርሳችሁ ካጣችሁ ደውሉልኝ። ዘንድሮ አነሳለሁ። ከኋላ ሦስት ሰው ይበቃል፤ የቀኝ በኩሉ በር ከውስጥ አይከፈትም፣ ወርጄ እከፍትላችኋለሁ።